የአሜሪካ ዕቃ 220 ላይ ከመሰካታችሁ በፊት፦ ባለ አንድ ፌዝ ትራንስፎርመር እንዴት ይሠራል፣ እንዴትስ ይመረጣል

አክስቴ ከሜሪላንድ ስትመጣ ከሻንጣዋ ግማሹ ልብስ፣ ግማሹ የወጥ ቤት ዕቃ ነበር። ከሁሉም የምትሳሳላት የቡና ማፍያዋ ናት። (ጀበና ባለበት ቤት የቡና ማሽን ምን ይሠራል የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው።) ትንሽዬ የሶኬት መቀየሪያ ገዝታ ነበር፤ ጠፍጣፋውን የአሜሪካ እግር ወደ ክብ የምትቀይረዋን። በእሷ ሰካችው። ውሃው ከወትሮው ቶሎ መንጫጫት ሲጀምር «ኧረ የእናንተ መብራት ጎበዝ ነው!» ብላ ሳቀች። ብዙም ሳይቆይ ግን ጭስ።

መቀየሪያዋ የቀየረችው የእግሩን ቅርጽ ብቻ ነው። 220 ቮልቱ እንዳለ ገባ። ለ120 ቮልት የተሠራ ማሞቂያ 220 ሲሰጡት ኃይሉ ሁለት እጥፍ አይደለም የሚሆነው፤ 220ን ለ120 አካፍሉና ውጤቱን በራሱ አባዙት፣ 3.36 ይመጣል። ባለ 900 ዋቷ ማፍያ ወደ 3000 ዋት ልትስብ ሞከረች ማለት ነው። የእንጀራ ምጣድ ልታህል ትንሽ ነው የቀራት።

ያስፈልጋት የነበረው ትራንስፎርመር፣ ማለትም 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ሳጥን ነው። ከዚያ ወዲህ ዘመድ አዝማድ ሁሉ «የትኛውን ልግዛ?» እያለ ሲጠይቀኝ አንድ ነገር ገባኝ፦ ሰው የሚሳሳተው ዋጋ ላይ ሳይሆን ሳጥኑ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ስለማያውቅ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አሠራሩን፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ አመራረጡን፣ መፈተሹንና ማገናኘቱን። አሠራሩን ዘላችሁ ወደ ደረጃዎቹ ብትሄዱ አልቆጣም፣ ግን ስታነቡ ትመለሳላችሁ።

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ 220 ቮልት ይገድላል። ከታች «ንቀሉ» ካልኩ ከግድግዳው ንቀሉ ማለቴ ነው፣ ማጥፊያውን መጫን አይበቃም።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ነገር

ትራንስፎርመር ሲከፈት ተስፋ ያስቆርጣል። የሚዞር ነገር የለም፣ ቺፕ የለም። ብረትና የመዳብ ሽቦ ነው (ርካሹ ላይ መዳብ የመሰለ አሉሚኒየም)። ብረቱ ላይ ሁለት የሽቦ ጥቅል ተጠምጥሟል። ከግድግዳው የሚመጣው ኮረንቲ የሚገባበት ፕራይመሪ ይባላል፤ ለዕቃው የሚሰጠው ሰከንደሪ። ሽቦው በቫርኒሽ ስለተቀባ ዙሮቹ እርስ በርስ አይነካኩም፤ ሁለቱ ጥቅሎችም አይገናኙም።

ታዲያ ካልተገናኙ ኮረንቲው በምን ተሻገረ?

በማግኔት። ሽቦ ውስጥ ኮረንቲ ሲያልፍ ዙሪያው የማግኔት መስክ ይፈጠራል፣ ብረቱ ደግሞ ያንን መስክ ሰብስቦ በሁለተኛው ጥቅል መሃል ያሳልፈዋል። ግን ማግኔቱ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ መለዋወጥ አለበት። ይህን ማይክል ፋራዳይ በ1831 ለንደን ውስጥ ነው ያየው፦ በብረት ቀለበት ላይ ሁለት ጥቅል ጠመጠመ፣ አንዱን ከባትሪ ጋር፣ ሌላውን ኮረንቲ ሲያልፍ ከምትንቀሳቀስ መርፌ ጋር አያያዘ። ባትሪውን ሲያገናኝ መርፌዋ ዘለለችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ባትሪው እንደተገናኘ እያለ ምንም የለም። ሲያላቅቀው እንደገና ዘለለች፣ አሁን በተቃራኒው አቅጣጫ። ሁለተኛው ጥቅል የሚያየው ለውጥን ብቻ ነው።

የግድግዳችን ኮረንቲ ኤሲ (አቅጣጫውን እየገለባበጠ የሚሄድ) መሆኑ ለዚህ ይመቻል። ኢትዮጵያ ውስጥ ድግግሞሹ 50 ኸርትዝ ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ሙሉ ዑደት ያደርጋል፣ ማለትም አቅጣጫውን 100 ጊዜ ይገለብጣል። ማግኔቱም አብሮ ይገለባበጣል፣ ሰከንደሪውም ያለማቋረጥ ቮልት ያመነጫል። በ1885 ቡዳፔስት ላይ ሦስት መሐንዲሶች፣ ዚፐርኖቭስኪ፣ ብላቲና ዴሪ፣ ብረቱን ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ቀለበት አድርገው ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት ትራንስፎርመር አወጡ። ዛሬም መሠረቱ አልተለወጠም።

ከዚህ የሚወጣ ቀጥተኛ ነገር፦ ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ኮረንቲ) በትራንስፎርመር አያልፍም። ገጠር ሶላር ያስገባ አንድ ጓደኛዬ «12 ቮልቱን ባትሪ በትራንስፎርመር 220 ላድርገው» ብሎ ጠየቀኝ። አይሆንም፤ መጀመሪያ ዲሲውን ወደ ኤሲ የሚለውጥ ኢንቨርተር ያስፈልገዋል። ባትሪውን በቀጥታ ትራንስፎርመሩ ላይ ብትሰኩት የሚሆነው ሽቦው መጋል ብቻ ነው። ለምን እንደሚግል ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ዙር ቆጠራ

ቮልቱን የሚወስነው የዙር ብዛት ነው። ፕራይመሪው 400 ዙር፣ ሰከንደሪው 200 ዙር ከሆነ 220 ገብቶ 110 ይወጣል። ግማሽ ዙር፣ ግማሽ ቮልት። ገልብጣችሁ ብትሰኩት 110 ገብቶ 220 ይወጣል።

ግን ለምን 400? ለምን 40 አይሆንም? ሽቦ ይቆጠባል እኮ። ሪዋይንዲንግ የሚሠሩ (የተቃጠለ ጥቅል እንደገና የሚጠመጥሙ) ሰዎች የሚጠቀሙባት ቀመር አለች፦ ቮልት በዙር = 4.44 × ድግግሞሽ × የብረቱ ስፋት × ብረቱ የሚሸከመው የማግኔት ጥግግት። ምሳሌ እንውሰድ። የመሃለኛው ብረት ስፋት 20 ካሬ ሳንቲሜትር (0.002 ካሬ ሜትር)፣ የማግኔቱ ጥግግት 1.2 ቴስላ፣ ድግግሞሹ 50። ሲባዛ 0.53 ቮልት በአንድ ዙር ይመጣል። ስለዚህ ለ220 ቮልት ወደ 413 ዙር፣ ለ110 ደግሞ 207 ዙር ገደማ። ከዚህ ብታሳንሱ ብረቱ ማግኔት ጠግቦ «በቃኝ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ፕራይመሪው ያለ ልክ አምፔር እየሳበ ይቃጠላል።

ቀመሯ ውስጥ ድግግሞሹ መኖሩን ልብ በሉ። በኋላ ማይክሮዌቩ ላይ ትመጣብናለች።

አምፔሩስ? በተቃራኒው ነው የሚሄደው። ትራንስፎርመር ኃይል አይፈጥርም። 110 ቮልት ላይ 10 አምፔር ከሰጠ 1100 ቮልት አምፔር (ቮልቱ በአምፔሩ ሲባዛ) ነው፤ ይህንኑ ከግድግዳው 220 ላይ በ5 አምፔር ይወስዳል። ቮልቱ ሲወርድ አምፔሩ ይወጣል። በዚህም የተነሳ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ሳጥን ስትከፍቱ የመውጫው ሽቦ ወፍራም፣ የመግቢያው ቀጭን ነው። ከህዳሴ ግድብ የሚነሳው መስመር 500 ኪሎቮልት የሆነውም በዚሁ ስሌት ነው፦ ቮልቱን ከፍ አድርገህ አምፔሩን ካሳነስከው ሽቦው ላይ በሙቀት የሚጠፋው ይቀንሳል።

ፕራይመሪው በምን ያውቃል?

እኔን ለረጅም ጊዜ ያስቸገረኝ ጥያቄ ይሄ ነው። የፕራይመሪውን ሽቦ በመልቲሜትር ብትለኩት ለምሳሌ 3 ኦም (ሽቦው ኮረንቲውን የሚቋቋምበት መለኪያ) ቢሆን፣ 220 ለ3 ሲካፈል 73 አምፔር ነው፤ ሰክተን ዕቃ ሳናገናኝ እንኳ ብሬከሩ መውረድ ነበረበት። ግን አይወርድም። ባዶውን የተሰካ ደህና ትራንስፎርመር የሚስበው ትንሽ ነው፣ በአብዛኛው ከአንድ አምፔር በታች።

ምክንያቱ ማግኔቱ የሚለዋወጠው በሰከንደሪው መሃል ብቻ ሳይሆን በራሱ በፕራይመሪውም መሃል መሆኑ ነው። ስለዚህ ፕራይመሪው ላይም ቮልት ይፈጠራል፣ ከግድግዳው የሚመጣውን የሚገፋ ቮልት። ሁለት ሰው በር ከወዲህና ከወዲያ እንደሚገፋ አስቡት፤ ጉልበታቸው እኩል ለመሆን ጥቂት ሲቀረው በሩ ብዙም አይንቀሳቀስም። ዲሲ ሲሆን ግን ለውጥ የለም፣ ከወዲያ የሚገፋ የለም፣ ሽቦው 3 ኦም ብቻ ይዞ ይቀራል። ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት መጋል ይሄ ነው።

አሁን ሰከንደሪው ላይ ማፍያውን ሰኩ። ሰከንደሪው ውስጥ ኮረንቲ ሲፈስ እሱም የራሱን ማግኔት ያመጣል፣ የብረቱን ማግኔት የሚቃወም። ከወዲያ የሚገፋው ይደክማል፣ በሩ ይከፈታል፣ ከግድግዳው ተጨማሪ አምፔር ይገባና ማግኔቱን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ማንም አላዘዘውም። ፕራይመሪው ሰከንደሪው ላይ ምን እንደተሰካ የሚያውቀው በብረቱ በኩል ነው።

ለምን ይሞቃል፣ ለምን እንደ ንብ ይላል

ብረቱ ራሱ ኮረንቲ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ የሚለዋወጠው ማግኔት ብረቱ ውስጥም እየዞረ የሚያሞቅ ኮረንቲ ያስነሳል። መፍትሔው ብረቱን አንድ ድፍን ከማድረግ ይልቅ ግማሽ ሚሊሜትር በሚያህሉ ስስ ቅጠሎች መደርደር ነው፣ እያንዳንዱን በማይተላለፍ ሽፋን ለይቶ። ሲሊከን የተቀላቀለበት ልዩ ብረት ነው እንጂ የበርና የመስኮት ላሜራ አይደለም። በላሜራ ጠጋግነው የሚሰጧችሁ ካሉ የሚሠራ ይመስላል፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ እንቁላል ይጠብሳል።

ድምፁ ደግሞ ብረቱ ማግኔት ሲገባበትና ሲወጣበት በዓይን በማይታይ መጠን ስለሚለጠጥና ስለሚሰበሰብ ነው። በእያንዳንዱ ዑደት ሁለት ጊዜ፤ ስለዚህ በ50 ኸርትዝ የምትሰሙት 100 ኸርትዝ ነው። ቀስ ያለ እምምም ጤነኛ ነው። የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ካለው ቡሎኑ ላልቷል።

እሺ፣ ወደ ሥራው።

ደረጃ 1፦ የዕቃውን ጀርባ አንብቡ

ከሁሉ በፊት ይሄ። ኢንፑት የሚለውን መስመር ፈልጉ። «100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርትዝ» ካለ ትራንስፎርመር አያስፈልግም፤ የሶኬት መቀየሪያው ብቻ ይበቃል። የስልክ ቻርጀርና የላፕቶፕ ቻርጀር በአብዛኛው እንዲህ ናቸው። ትራንስፎርመር ገዝቶ የስልክ ቻርጀር የሚሰካበት ሰው አይቻለሁ፤ ጉዳት የለውም፣ ብሩ ግን ያሳዝናል።

«120 ቮልት፣ 60 ኸርትዝ» ብቻ ካለ ቀጥሉ።

ደረጃ 2፦ ዕቃው ድግግሞሹን ይጨነቅበታል ወይ?

ትራንስፎርመር ቮልት እንጂ ድግግሞሽ አይቀይርም። 50 ገብቶ 50 ነው የሚወጣው። ሻጩ «ሁሉንም ይሠራል» ቢላችሁም አትስሙት። የአሜሪካ ዕቃ 60 ነው የለመደው፣ ስለዚህ ዕቃችሁ ከየትኛው ወገን እንደሆነ እወቁ።

የሚሞቅ ብቻ የሆነ ዕቃ፣ ማለትም ቀላል የቡና ማፍያ፣ ካውያ፣ የዳቦ መጥበሻ፣ ግድ የለውም። እንዲያውም 120 ለምዶ 110 ስለሚያገኝ ትንሽ ይደክማል፤ 900 ዋቱ ወደ 756 ይወርዳል። ቡናው ጥቂት ይዘገያል፣ በቃ። ብሌንደርና ድሪል ውስጥ ያለው ባለ ካርቦን ሞተርም ብዙ ችግር የለበትም።

ሌላው ዓይነት ሞተር፣ ቬንቲሌተር ላይ ያለው፣ ፍጥነቱ ከድግግሞሹ ጋር የታሰረ ነው። ከ60 ወደ 50 ሲወርድ ፍጥነቱም በስድስት አንድ ያህል ይቀንሳል፣ ከወትሮውም በላይ ይሞቃል። በግድግዳ ኮረንቲ ድግግሞሽ የሚቆጥር ሰዓት በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል። በማግኔት የሚንዘረዘረው የፀጉር ማሽን ደግሞ ይንጫጫል ወይ ይደክማል፤ ፀጉር አስተካካዮች ያውቁታል።

ማይክሮዌቭ? ተዉት። በተለይ የድሮው ከባዱ ዓይነት ውስጡ ራሱ ለ60 ኸርትዝ የተጠመጠመ ትራንስፎርመር አለው። ያቺን ቀመር አስታውሱ፦ ድግግሞሹ ሲወርድ ብረቱ የሚሸከመው ማግኔት ይጨምራል። 110 ቮልት በ50 ኸርትዝ ስትሰጡት፣ 120 በ60 ላይ ከነበረበት 10 በመቶ የበለጠ ማግኔት ይጫንበታል። 10 በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ ግን እነዚህ ትራንስፎርመሮች ሲሠሩም ጠርዝ ላይ ናቸው፣ ብረት ለመቆጠብ። ፍሪጅም እንዲሁ፤ እዚሁ ግዙ።

ደረጃ 3፦ መጠኑን አስሉ

ዕቃው ላይ ዋት ካለ ያዙት። አምፔር ብቻ ካለ በ120 አባዙት፤ 7.5 አምፔር ማለት 900 ቮልት አምፔር ነው። ለሚሞቅ ዕቃ ከላዩ ሩብ ጨምሩ፦ ለ900 ቢያንስ 1125፣ ገበያ ላይ ስትፈልጉ 1500 ውሰዱ። ለሞተር ሁለት እስከ ሦስት እጥፍ፤ ሞተር ሲነሳ ከሚሠራበት ብዙ እጥፍ ይስባልና። ማይክሮዌቭ ካላስቀራችሁ ደግሞ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው 1000 ዋት ምግቡ ውስጥ የሚገባው ነው፤ ከግድግዳ የሚስበው 1500 ገደማ ይሆናል።

መርካቶ ስትሄዱ ዓይናችሁን ከጽሑፉ ላይ አንሱና በእጃችሁ መዝኑት። 2000 ዋት ይላል፣ በአንድ እጅ ጣት ይነሳል? ትራንስፎርመር አይደለም። ኮረንቲውን በኤሌክትሮኒክስ እየቆራረጠ የሚያወርድ ቀላል ኮንቨርተር ነው፤ ለፀጉር ማድረቂያና ለካውያ ይሆናል፣ ሞተርና ኤሌክትሮኒክስን ግን ያበላሻል። እውነተኛ ትራንስፎርመር ብረት ነው፣ ብረት ደግሞ ይከብዳል።

ሌላ ልዩነት አለ፣ አብዛኛው ሰው የማያውቀው። ገበያ ላይ ያሉት የ220/110 ሳጥኖች አብዛኞቹ ሁለት ጥቅል የላቸውም። አንድ ጥቅል ነው፣ መሃሉ ላይ ሽቦ የወጣለት። አውቶትራንስፎርመር ይባላል። ለፍሪጃችሁ የገዛችሁት፣ ቮልት ሲወርድ ጠቅ ጠቅ የሚለው ስታቢላይዘርም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ብዙ መውጫ አለው፣ ሪሌ (በኮረንቲ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ይመርጥለታል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ 10 አምፔር ስትወስዱ ግማሹ በቀጥታ ከግድግዳው ያልፋል፣ ግማሹን ብቻ ማግኔቱ ይሸከማል፤ ስለዚህ ብረቱም ዋጋውም ግማሽ ገደማ ነው።

ጉዳቱም አለ። ግድግዳውና ዕቃው በሽቦ ተገናኝተዋል። የታችኛው ጥቅል ቢበጠስ 220ው ወደ ዕቃው መንገድ ያገኛል። ለቡና ማፍያ እኔ አውቶውን እገዛለሁ፣ አልዋሽም። እርጥብ ቦታ ለሚሠራ ወይም ብረት አካሉን በእጅ ለሚይዙት ዕቃ ግን ሁለት ጥቅል የተለያየውን ፈልጉ፣ ውድ ቢሆንም።

ደረጃ 4፦ ሳይሰካ በመልቲሜትር

ትራንስፎርመሩ ከግድግዳው ተነቅሎ፣ ማብሪያው በርቶ (ካልበራ ምንም አታነቡም)፦

መግቢያው ላይ ሁለቱን እግሮች ለኩ። ጥቂት ኦም ማንበብ አለበት። ምንም ካላሳየ ሽቦው ተበጥሷል ወይ ፊዩዙ ሄዷል። መውጫውን ለኩ፤ ከመግቢያው ያነሰ መሆን አለበት። እኩል ወይም የበለጠ ከሆነ 110ን ወደ 220 የሚያወጣ ሳጥን ነው የሰጧችሁ ወይም ጽሑፉ ተገልብጧል። ይህ በእኔ ላይ ደርሷል።

ከዚያ አንዱን ጫፍ መግቢያ ላይ፣ ሌላውን መውጫ ላይ። ጥቂት ኦም ካነበበ አውቶ ነው። ጭራሽ የማይገናኝ ከሆነ ሁለት ጥቅል ነው። ሻጩ «አይሶሌትድ ነው» (ሁለቱ ጥቅሎች የተለያዩ ናቸው) ሲል እዚያው ሱቁ ውስጥ ለኩበት፤ ፊቱን ማየት ራሱ ደስ ይላል።

በመጨረሻ እያንዳንዱን እግር ከብረት ሳጥኑ ጋር። መገናኘት የለበትም። የመሬት ሽቦው ብቻ ነው ከሳጥኑ ጋር የሚገናኘው።

ደረጃ 5፦ የአምፖሉ ፈተና

ኦም የማያሳየው ብልሽት አለ፦ ጥቂት ዙሮች እርስ በርስ ተነካክተው ሾርት ሲያደርጉ። 400 ዙር ውስጥ 3 ዙር ቢነካካ መልቲሜትሩ ልዩነቱን አያይም። የኤሌክትሪሺያኖች ዘዴ ግን አለ። አንድ ባለ 100 ዋት የድሮ ባለ ክር አምፖል (ኤልኢዲ አይሆንም) ከትራንስፎርመሩ መግቢያ ጋር በተከታታይ ታያይዛላችሁ፣ ማለትም ፌዙ (ቮልት ያለበት ሽቦ) መጀመሪያ በአምፖሉ አልፎ ነው ወደ ትራንስፎርመሩ የሚገባው። መውጫው ላይ ምንም አይሰካ። ሲበራ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከጠፋ ወይም ፍም ብቻ ከመሰለ ትራንስፎርመሩ ጤነኛ ነው፤ በሩን ከወዲያ የሚገፋው አለ ማለት ነው። ደምቆ በርቶ ከቀረ ውስጡ ሾርት ነው፣ መልሱት። አምፖሉ ኮረንቲውን ስለሚገድበው የሚቃጠል ነገር የለም።

ሽቦ ማያያዝ ካልለመዳችሁ ይህን የሚያውቅ ሰው ይሥራላችሁ።

ደረጃ 6፦ ማገናኘት

ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል። ዕቃው ይጥፋ። መጀመሪያ ትራንስፎርመሩን ብቻውን ግድግዳ ላይ ሰኩና አብሩት። ሲበራ «ድም» ሊል ይችላል፤ ብረቱ ማግኔት ሲሞላ ለቅጽበት ከወትሮው ብዙ እጥፍ አምፔር ይስባል። ፊዩዙ ቀስ ብሎ የሚቃጠለው ዓይነት መሆን ያለበት ለዚህ ነው። ባለ 1000 ቮልት አምፔሩ ከግድግዳው 4.5 አምፔር ስለሚወስድ 5 አምፔር ፊዩዝ ይበቃዋል። ሲቃጠል በመዳብ ሽቦ ቁራጭ የሚተካ ቤት አውቃለሁ፤ አታድርጉት።

አሁን መውጫውን ለኩ። 110 ገደማ ማለት አለበት፤ ባዶውን ስለሆነ ትንሽ ቢበልጥ አትደንግጡ፣ ዕቃ ሲሰካ ይወርዳል። የሰፈሩ መብራት 190 ከሆነ ደግሞ የሚወጣው 95 ነው። ትራንስፎርመር ያካፍላል እንጂ አያስተካክልም።

አውቶ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር። የእኛ ክብ ሁለት እግር በሁለቱም በኩል ይገባል። በትክክል ከገባ የመውጫው አንዱ ቀዳዳ ኑትራል (ከመሬት አንጻር ቮልት የሌለበት)፣ ሌላው 110 ነው። ተገልብጦ ከገባ ግን ከመሬት አንጻር አንዱ ቀዳዳ 110 ሌላው 220 ይሆናል፤ በመካከላቸው ያው 110 ስለሆነ ዕቃው ይሠራል፣ እናንተ አታውቁም፣ ነገር ግን የተላጠ ቦታ ስትነኩ ሙሉው 220 ይነዝራችኋል። በቴስተር (ቮልት ያለበትን ሲነካ የምትበራ አምፖል ባላት መፍቻ) እዩት፦ አንድ ቀዳዳ ብቻ ከበራ ጥሩ ነው፤ ሁለቱም ከበሩ ንቀሉና ሶኬቱን አዙራችሁ ሰኩት። ከዚያ ትክክለኛው ጎን ላይ በማርከር ምልክት አድርጉ።

ከዚያ ዕቃውን ሰኩ፣ አብሩ። ዲቫይደር ላይ አምስት ነገር ሰክታችሁ ትራንስፎርመሩንም እዚያው አትጨምሩት፤ ቀጥታ ግድግዳ ላይ።

ደረጃ 7፦ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ

እጃችሁን ሳጥኑ ላይ አድርጉ። ለብ ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ ምንም አይደል። ሦስት ሰከንድ መያዝ ካቃታችሁ በጣም ሞቋል፣ ጭነቱ በዝቷል። የቫርኒሽ ሽታ፣ ያ ጣፈጥ ያለ የተቃጠለ ሽታ፣ ከመጣ ወዲያው ንቀሉ። ጨርቅ አታልብሱት፤ የክር ዳንቴል የለበሰ ትራንስፎርመር አይቻለሁ፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር እንዲመሳሰል ተብሎ።

ስትጨርሱ ንቀሉት። ባዶውንም ቢሆን ብረቱ እየሞቀ ቆጣሪውን ያስቆጥራል። መብራት ሲሄድ ደግሞ የግድ ንቀሉት፤ ተመልሶ ሲመጣ ቮልቱ ከፍ ዝቅ እያለ ነው የሚመጣው፣ ትራንስፎርመሩም ያንኑ አካፍሎ ለዕቃው ያደርሳል።

በተቃራኒው፦ ምጣድ ወደ አሜሪካ

አክስቴ ስትመለስ ምጣድ ይዛ መሄድ አማራት፣ «ያንን ትራንስፎርመር ገልብጬ እሰካበታለሁ» አለች። ሐሳቡ ትክክል ነው፣ ቁጥሩ ግን እምቢ ይላል። ምጣዱ 3500 ዋት ቢሆን ከ120 ቮልት ሶኬት ወደ 29 አምፔር መሳብ አለበት፣ የአሜሪካ ተራ ሶኬት መስመር ደግሞ 15 ወይም 20 አምፔር ነው። ትራንስፎርመሩ የፈለገውን ያህል ትልቅ ቢሆን ብሬከሩ ይወርዳል።

የሚገርመው፣ እሷ ቤት 240 ቮልት ቀድሞውኑ አለ። የአሜሪካ ሰፈሮች ምሰሶ ላይ የምታዩት በርሜል የመሰለ ነገር ባለ አንድ ፌዝ ትራንስፎርመር ነው፣ ሰከንደሪው መሃሉ ላይ ሽቦ የወጣለት። የመሃሉ ሽቦ ኑትራል ነው፤ ከእሱ ወደ አንዱ ጫፍ 120፣ ወደ ሌላው ጫፍም 120፣ ከጫፍ ጫፍ ግን 240። ትልልቅ ምድጃና የልብስ ማድረቂያ የሚሠሩት በዚህ ነው። ስለዚህ ለምጣዱ የሚያስፈልጋት ትራንስፎርመር ሳይሆን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን የሚዘረጋላት የ240 መስመር ነው። ሲዘረጋም ሽቦውንና ብሬከሩን ለ4200 ዋት ያስላላት፤ ለ220 የተሠራ ባለ 3500 ምጣድ 240 ሲያገኝ ወደዚያ ይጠጋልና፣ አክንባሎውንም ከወትሮው ቀደም ብላ ታነሳለች።